ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቅኔ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሱሉልታ ሜዳ፥ በጫንጮና በሙከ ጡሪ፥ በፍቼም አጠገብ እያለፈ ወደ ጎጃም የሚወስደውን ጎዳና የተጓዘ ሰው ሁሉ፥ ጎሐ ጽዮን ላይ ሲደርስ ያ ሰፊ የሰላሌ ደጋ በአንድ ጊዜ ተቈርጦ፥ ምድር እስከ ማሕፀንዋ ተከፍታ እንደምትጠብቀው ያውቃል። ከአፋፉ እስከ ዓባይ ውኃ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ጠዋት በደጋ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ፥ መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጋቢውን አውልቆ የቈላውን ወበቅ ይቀበላል። ግራና ቀኙን ቢመለከት ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፥ ከእርሱ በታች በጥንት ዘመን የባሕር ወለል የነበረው የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም በታች የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ያያል፤ ስለ ምድር አፈጣጠር ያጠኑ ሰዎችም በዚህ ገደል ላይ ቆመው ሚሊዮን በሚሊዮን የሚሰፈር ዘመን ይቈጥሩበታል። እኔን ወደዚያ ያወረደኝ ግን የድንጋዩ ምሥጢር አልነበረም።

ይህ ጉዞ የተደረገው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው፤ በዚያ አገር ላይ ከዚያ ወዲህ የወረደውን መከራ እያሰብሁ ስጽፈውም፥ ያየኋቸው ጎጆዎችና ያዳመጥኋቸው ልጆች በምን ሁኔታ እንዳሉ ልቤ ሳይጠይቅ አይውልም። የሄድሁበት ምክንያት በአዲስ አበባ በዘመኔ ሰዎች መካከል ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ኀዘን ነው። ትምህርታቸውን የጨረሱ፥ ደመወዛቸው የሚበቃ፥ ከወላጆቻቸው ይልቅ በተሻለ ቤት የሚያድሩ ሰዎች፥ ማታ ማታ ተሰብስበው ሲጫወቱ ወሬው ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ኑሮ ውድነት፥ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዞር ይቈይና፥ በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደ ሆነ ይጠያየቃሉ። አንዳንዱ መልሱን በባሕር ማዶ ፈላስፎች መጻሕፍት፥ አንዳንዱ በስብከት፥ አንዳንዱም አገር ለቅቆ በመሄድ ይፈልገዋል። ሁሉም ግን፥ እንደሚመስለኝ፥ የሕይወትን ትርጕም አንድ ስፍራ ተቀብሮ እንደሚጠብቃቸው፥ አንድ ጊዜ ካገኙትም ለዘለዓለም የእነርሱ ሆኖ እንደሚቀር ንብረት አድርገው ያስቡታል። ስለዚህ ወጣቶች በረኃብና በብርድ እየተፈተኑ፥ ዛሬ ማንም እናት ለልጇ በማትናገረው በግዕዝ ቋንቋ በየቀኑ አዲስ ግጥም የሚወልዱበትን የቅኔ ቤት ሄጄ በዓይኔ ማየት ተመኘሁ።

በገደሉ ሥር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተሠራው አሮጌው ድልድይና በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከማዶ ያለውን ዳገት ወጥተን ደጀን ስንደርስ የጎጃም ደጋ ተዘረጋ፤ ከዚያም በኋላ ጥንት መንቆረር ትባል ወደ ነበረችው፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማቸው አድርገዋት ወደ ኖሩባት ወደ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ብዙ አልቈየንም። ከዋና ከተማው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ይህ አገር ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያበረከተውን ሰው ሳያስቡ በዚያ ማለፍ አይቻልም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት ከዚሁ ከተማ አቅራቢያ ነው፤ በልጅነታቸው በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ተምረዋል፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል፤ ከነፃነት በኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰው መንግሥታቸውን አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ግን የልጅነት ጉባኤያቸውን እንዳልረሱ ይመሰክራል፤ የመጽሐፉን ባለ ታሪክ በዛብህን ያህል ሰው፥ እንዲያ ያለ የመንፈስ ልዕልናና እንዲያ ያለ የኑሮ ድህነት በአንድ አካል ተዋሕደው የሚኖሩበትን ሰው ለመሣል፥ ከቅኔ ቤት ጢስ ውስጥ የወጣ ደራሲ ያስፈልግ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚወስደው መንገድ በጤፍና በስንዴ ማሳ መካከል ያልፋል። የቅኔ ተማሪዎቹ ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፥ በሣር የተከደኑ፥ ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሆነ በቀር የማይገባባቸው ጥቃቅን ጎጆዎች ስብስብ ነው። ልጆቹ ከጎንደር፥ ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከዚያው ከጎጃምም የመጡ ናቸው፤ ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ በትከሻቸው አንግተው፥ በየመንደሩ እየዞሩ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው የለመኑትን ቁራሽ ይበላሉ። ውሻ የነከሳቸውን ጠባሳ፥ ብርድ የሰነጠቀውን ተረከዝ፥ በዓይን የሚታየውን የምግብ ጕድለት አይቶ ይህን ኑሮ በቅኔ ስም ማወደስ ኅሊናን ይከብዳል፤ እኔም አላወድሰውም። ልመናው ትሕትናን ያስተምራል የሚለውን የሊቃውንት ቃል አከብራለሁ፤ ሆኖም ትሕትና ያለ ታይፎይድና ያለ ተስቦም ልትገኝ የምትችል ይመስለኛል፤ ከእነዚህ ጉባኤያት የወጡ ሊቃውንት የሚያገለግሏት ቤተ ክርስቲያንና በእነርሱ ዝና የሚኰራው ሕዝብ ለተማሪዎቹ እህልና መድኃኒት ቢያቀርቡ ከቅኔው ክብር የሚጐድል ነገር የለም።

የቅኔ መነሻ የት እንደ ሆነ ሊቃውንቱን ቢጠይቁ መልሱ አንድ አይደለም። ከፊሉ በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ ነበረው ወደ ቅዱስ ያሬድ ይወስደዋል፤ ከፊሉ ዮሐንስ ገብላዊን አባት ያደርጋል፤ የጎንጅ ሰዎች ደግሞ የተዋነይን ስም ሳያነሡ ስለ ቅኔ መናገር አይሆንላቸውም። ዋድላ፥ ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ አንዱን መንገድ የጨረሰ ተማሪ ሌላውን ሊቀጽል ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል። ትምህርቱ የሚጀምረው በግሥ ነው። ቀተለ፥ ቀደሰ፥ ገብረ፥ አእመረ፥ ባረከ፥ ሤመ፥ ብህለ፥ ቆመ የተባሉት ስምንቱ አርእስተ ግሥ ቃሉን ሁሉ በየቤቱ ይመሩታል፤ ተማሪው እነርሱን እያረባ ቋንቋውን ከሥሩ ይፈለፍለዋል። ከዚያ በኋላ ቆጠራ፥ ማለት ቅኔ መድረስ፥ ይገባል፤ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን፥ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያላትን ዘአምላኪየን፥ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። ይህ ሁሉ በቃል ነው፤ ወረቀትም ብርዕም የለም።

ማለዳ ትምህርቱን ከሰሙ በኋላ ልጆቹ ይበተናሉ። አንዱ ወደ ወንዝ ዳር፥ አንዱ ወደ ጫካ፥ አንዱም ከአጥር ሥር ሄዶ፥ ፊቱን በደበሎው ሸፍኖ ቅኔ ይቈጥራል። ያን ጊዜ የሚያልፍ ሰው ቢጠራው አይመልስም፤ አገሬውም ይህን ስለሚያውቅ አይጠራውም። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው የአንድን ድኻ ልጅ ዝምታ አክብሮ ሲያልፍ ማየት፥ በየደቂቃው በስልክ ጥሪ ከሚቈራረጥ ኑሮ ለመጣ ሰው እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ለመናገር ይከብደኛል። ማታ፥ ተማሪዎቹ ከልመና ከተመለሱ በኋላ፥ የኔታ በደጃቸው በተነጠፈ አጎዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹም በየተራ እየቀረቡ ቀኑን ሙሉ ያማጡትን ቅኔ ይነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ያርማሉ።

በአንዱ ምሽት ያየሁትን እርማት አልረሳውም። ዕድሜው ከአሥራ ስድስት የማይበልጥ አንድ ልጅ ቀርቦ ጉባኤ ቃና ተናገረ። ሰሙ፥ ማለት ግልጹ ፍቺ፥ ዶሮ በጮኸ ጊዜ ገበሬ ነቅቶ እንዳለቀሰ ይናገራል፤ ወርቁም፥ ማለት የተሰወረው ፍቺ፥ ሐዋርያው ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ዶሮ ሲጮኽ ማልቀሱን ነው። ቤቱ ይመታል፤ ሰዋስዉም የተስተካከለ ነው፤ በእኔ ዘንድ ለአንድ ልጅ ከበቂ በላይ ነበር። የኔታ ግን ጥቂት ዝም አሉና፥ ለመሆኑ ገበሬ ዶሮ ሲጮኽ ያለቅሳልን? ብለው ጠየቁት። ልጁ ዐቀረቀረ። እናትህ ቤት ዶሮ ሲጮኽ ምን ነበር የምታየው? አሉት ደግመው። ልጁም ወርቁን አይቶ ሰሙን እንደ ዘነጋ ገብቶት፥ እጅ ነሥቶ ወደ ኋላው ተመለሰ።

በማግሥቱ ምሽት ያው ልጅ ሌላ ጉባኤ ቃና ይዞ ቀረበ። አሁን ገበሬው የለም፤ በእርሱ ፈንታ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ፥ በአመድ የተዳፈነውን ፍም ገላልጣ እፍ የምትል ባልቴት አለች፤ ጢሱ ዓይንዋ ውስጥ ገብቶ ታነባለች። ይህ በየጎጆው በየማለዳው የሚሆን፥ ማንም ልጅ በዓይኑ ያየው እውነት ነው። ልጁ ይህን እውነት ፍለጋ ወደ እናቱ ቤት በልቡ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ትናንት ያላሰበውን ሌላ ነገር አገኘ፤ ጴጥሮስም ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ውስጥ፥ ፍም ዳር ቆሞ እሳት ሲሞቅ ነበርና፥ የባልቴቲቱ እሳት የሐዋርያው እሳት፥ የዓይንዋም ጢስ የክሕደቱ ጢስ ሆነ። የኔታ ይበል አሉ፤ በዙሪያው የተቀመጡትም ልጆች ይበል አሉ።

እኔ ከዚያ አገር ይዤው የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት ስለ ሰምና ወርቅ የሰማሁት ትንታኔ ሁሉ ሰሙን እንደ መሸፈኛ፥ ወርቁን እንደ ተሸሸገ ዕቃ ያደርግ ስለ ነበረ፥ ሰሙ የሚቀልጥና የሚጣል፥ ወርቁ ብቻ የሚፈለግ ይመስለኝ ነበር። በየኔታ ደጅ የተማርሁት ግን ሰሙ በራሱ እውነተኛ ካልሆነ፥ ማለትም ገበሬው እንደ ገበሬ፥ ባልቴቲቱም እንደ ባልቴት ካልኖሩ፥ ከላይ የሚፈስሰው ወርቅ የሚይዘው መልክ እንደሌለው ነው። የጴጥሮስ ልቅሶ የተገኘው እናቱ ማለዳ ምን እንደምታደርግ በትክክል ባስታወሰ ልጅ ልብ ውስጥ ነው። በከተማ ያሉ ወዳጆቼ በአንጻሩ የዕለት ሥራቸውን፥ ጎረቤታቸውን፥ ቢሮአቸውን፥ ገበታቸውን እንደሚጣል ሰም ቈጥረው፥ ወርቁን በቀጥታ ከሰማይ ሊቀበሉ ይሻሉ። ኀዘናቸውም የሚበረታው በዚህ ይመስለኛል፤ የሚኖሩበትን ቀን ሳያዩት ትርጕሙን ይጠይቃሉና።

ከእርማቱ በኋላ ተማሪዎቹ ወደየጎጆአቸው ሲገቡ፥ የኔታ በደጃቸው እንድቀመጥ ስለ ፈቀዱልኝ፥ የመጣሁበትን ነገር ነገርኋቸው። የሕይወትን ትርጕም እንዴት ያገኙታል ብዬ ጠየቅሁ። ወዲያው አልመለሱልኝም፤ ይልቁን ዛሬ ቀኑ ስንት እንደ ሆነ፥ የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔ የወሩን ቀን ብቻ ዐውቅ ነበር። እሳቸውም ቅኔ ያለ ቀን እንደማይቈጠር አስረዱኝ፤ የዕለቱ ቅዱስ ማን ነው፥ የዕለቱ ወንጌል ምን ይላል፥ በዚህ ሳምንት በመንደሩ ማን ሞተ፥ ማን አገባ፥ ዝናሙ ዘገየ ወይስ ጠና፥ ይህን ሁሉ የማያውቅ ተማሪ ግሥ ብቻ ይዞ ይቀራል አሉኝ። በቀኑ ላይ ያልቆመ ወርቅ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነው ማለታቸው ነበር። ከዚያም ሌሊቱ ስለ ቀዘቀዘ ጋቢ አስመጥተው አለበሱኝ፤ ንግግሩም በዚያው ወደ አገሩ እህልና ወደ ልጆቹ ጤና ዞረ።

በጎጃም ስለ ቅኔ የሚነገር ታሪክ የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ሳያነሣ አያልፍም። እማሆይ ገላነሽ በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ፤ አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ከእሳቸው ዘንድ ተቀኝተው፥ ሴት ልጅ በጉባኤ መካከል ተማሪ ሆና እንኳ መቀመጥ ባልተለመደበት ዘመንና አገር፥ መምህርት ሆነው ወንዶች ሊቃውንትን አስተማሩ። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ የሚያደንቁት ዓይነ ስውር መሆናቸውንና ሴት መሆናቸውን ነው፤ መደነቃቸውም ይገባል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ከላይ ስለ ባልቴቲቱ እሳት ካልሁት ጋር የሚያያዘው ነው። ሰሙ ከሚታየው ዓለም የሚወሰድ ከሆነ፥ ብርሃን ያጣ ሰው ሰሙን ከየት ያገኛል? መልሱ እማሆይ ገላነሽ ዓለምን በመስማት፥ በመዳሰስ፥ በማስታወስም ያውቋት ነበር የሚል ነው፤ ማየት የሚለው ግብር ለዓይን ብቻ የተሰጠ አይደለምና። እኛ ዓይን እያለን በመስኮት አጠገብ ተቀምጠን ያላየነውን የመንገድ ዳር ዛፍ፥ እሳቸው ነፋስ ሲያንኮሻኩሸው በሰሙት ድምፅ ለይተው ቢቀኙበት፥ ከሁለታችን የዛፉ ጎረቤት ማን እንደ ነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍልስፍናን የሚወድ አንባቢ ደግሞ ስለ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ሳይጠይቀኝ አይቀርም። የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ የሚስዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብለው ጻፉ፤ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ የጻፈው መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትቼ በመጽሐፉ ውስጥ የተተረከውን ሰው ብቻ ብመለከት፥ ቅኔ የተማረ፥ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ በዋሻ ሁለት ዓመት የተቀመጠ፥ በዚያም ሆኖ በልቡናው ብርሃን ሁሉን የመረመረ ሰው ነው። አንባቢዎች ዋሻውን ይወዱታል፤ በዘመናችንም ብቻውን የሚያስብ ሰው እንደ ጀግና ስለሚታይ፥ ስለ ፈላስፋው ሲወራ ዋሻው ይነሣል። እኔ ግን ከዋሻው በኋላ ያለውን አብዝቼ እወዳለሁ፤ ያ ሰው ወደ እንፍራዝ ወርዶ፥ የሰው ቤት ተጠግቶ፥ መዝሙረ ዳዊት እየገለበጠ በእጁ ሥራ ኖረ፤ ሚስት አገባ፤ ልጆችን አስተማረ፤ ሐተታውንም የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ስለ ለመነው ነው። ሰሙን ያገኘው በዚያ ነው ብል የመጽሐፉን ሐሳብ ያጣመምሁ አይመስለኝም።

በአንጻሩ የቅኔን ጠባይ ከዘመናዊ ኑሮ ጋር የማይስማማ አድርገው የተመለከቱም አሉ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ሰምና ወርቅ የሚል ስም ሰጥተው ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የዘመናዊ አስተዳደርና የሳይንስ ቋንቋ አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ንግግር እንደሚጠይቅ፥ ሁለት ፍቺ ያለው አነጋገር ልማድ ግን በዚህ በኩል እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ጽፈው ነበር። ክሳቸው መሠረት የለውም አልልም፤ የመንግሥት ደብዳቤ በቅኔ ቢጻፍ ድኻ ይጐዳል፤ የሐኪም ትእዛዝም ውስጠ ወይራ ሊሆን አይገባውም። ነገር ግን እኚሁ ሊቅ ከ20 ዓመት በኋላ፥ በ1985 እ.ኤ.አ.፥ ምዕራባዊው ዘመናዊ አስተሳሰብ ከኅብረ ትርጕም በመሸሹ ያጣውን ነገር የሚመረምር ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ውስጥ ይህን ሁሉ መንገድ መሄዱ ክብር ይገባዋል። እኔ ከደብረ ኤልያስ ምሽቶች በኋላ ለመጀመሪያው መጽሐፋቸው የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የኔታ ልጁን ያረሙት በሁለት ፍቺ ስለ ተናገረ አይደለም፥ ከሁለቱ ፍቺ አንዱ ሐሰት ስለ ሆነባቸው ነው። ይህ ዓይነት ጥንቃቄ ከሳይንስ ጥንቃቄ በምን እንደሚያንስ አላውቅም።

በደብረ ኤልያስ ሳለሁ የአንድ በዓል ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ከማኅሌቱ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያውና ጸናጽሉ፥ ከበሮውም በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ሲሠሩ አደሩ። በየመካከሉ የቅኔ ጊዜ ሲደርስ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ባለ ቅኔው ቤቱን ይናገራል፥ ዜማ ዐዋቂው ተቀብሎ ያዜማል። በሽማግሌዎቹ ፊት ላይ የማየው ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ቤት ሲሰማ ሰሙን ይይዛሉ፥ ሁለተኛው ሲመጣ ግንባራቸው ይቋጠራል፥ ከዚያ ድንገት አንዱ ወርቁን ያገኘዋል፤ ይበል ይላል፤ ይህም ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ በመቅደሱ ዙሪያ ይዞራል። ግዕዙ ፈጥኖ ስለሚያመልጠኝ አጠገቤ የቆሙ አንድ መሪጌታ በጆሮዬ ይፈቱልኝ ነበር፤ እሳቸው ፈትተው ሳይጨርሱ ሌላው ይጀመራል።

የበዓሉም ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ዕጣነ ሞገር የተባለው ቅኔ ቀረበ፤ ሁሉም ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር፥ ወይም ሳይሆን የቀረው ነገር፥ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነበር። ያ ሁሉ ቅኔ፥ ሰዎች ቀናትን ያማጡበት፥ ሽማግሌዎች ያደነቁት፥ በዚያው አበቃ። ማንም አልጻፈውም። የነገው በዓል ሌላ ቅኔ ይጠይቃል፤ ትናንት የቀረበውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ በቅኔ ቤት ነውር ነው። ስልኬ በኪሴ ነበረ፤ ድምፁን ለመቅዳት እጄ ሄዶ ነበር፤ መሪጌታው አልከለከሉኝም፥ ብቻ ለማን ነው? ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አላገኘሁም።

ባለመቅዳቴ የሚጸጸት አንድ ወገን አለኝ። ዓለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸው ባለ ቅኔው መንግሥቱ ለማ የአረጋዊ አባታቸውን ትዝታ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ ባያወጡት ኖሮ፥ የዚያን ዘመን የጉባኤ ሕይወት ከእነ ጨዋታው፥ ከእነ ረኃቡ፥ ከእነ መምህራኑ ጠባይ ዛሬ ከየት እንሰማው ነበር? ስለዚህ የመቅረጫ መሣሪያን ጠላት አላደርግም፤ በእነዚህ ዓመታትም መምህራኑ በዕድሜና በመከራ ሲቀነሱ፥ የማስተማር ጥበባቸውን፥ በተለይም ያን የማታ እርማት፥ እነርሱ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ የዩኒቨርሲቲዎቻችንና የቤተ ክህነት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ወገኔ ግን በዚያ ሌሊት የሰማውን ሌላ ነገር ያውቃል። አንድ ሰው የሚችለውን ሁሉ ሠርቶ፥ አሳምሮ፥ ስሙን ሳይጽፍበት ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን ሲሰጠው፥ በምላሹም ነገ ባዶ እጁን ሆኖ እንደገና ሲጀምር አይቻለሁ፤ በዚያም ሰው ፊት ላይ የወዳጆቼን ኀዘን አላየሁም። ድካሙ ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ለማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና ነው። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን የምንጽፈውን፥ የምናስተምረውን፥ የምንገነባውን ሁሉ ስለ መጠራቀሙ እንጂ ለማን እንደሚቀርብ አንጠይቅም፤ የመሪጌታውም ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ይኖራል።

በተመለስሁበት ጠዋት የጴጥሮስን እሳት ያገኘው ልጅ እስከ መኪናው ሸኘኝ። በመንገድ ላይ ስለ አዲስ አበባ አጥብቆ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔም እንደ ማንኛውም ወጣት ከተማው የናፈቀው መስሎኝ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ልነግረው ጀመርሁ። እርሱ ግን ያን አልፈለገም፤ የሚጠይቀው ስለ ዕቃዎቹ ነበር። የመንገዱ ቀይና አረንጓዴ መብራት ማን እንደሚያዘው፥ የውኃ ቆጣሪው ምን እንደሚቈጥር፥ ከሁሉም ይልቅ በረጅም ፎቆች ውስጥ ሰው ቆሞ የሚወጣበት አሳንሰር በምን ኃይል እንደሚሳብ ማወቅ ይሻል። የኔታ አዲስ ዕቃ ሁሉ ሰም ሊሆን ይችላል፥ ግን አሠራሩን ሳታውቅ አትንካው ብለውታልና። እኔም የማውቀውን ነገርሁት፤ ሰዎቹ የቆሙበት ሣጥን በብረት ገመድ እንደ ተንጠለጠለ፥ በገመዱ በሌላው ጫፍ ደግሞ ከባድ ብረት እንደ ታሰረ፥ ሣጥኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያ ክብደት ወደ ታች እንደሚወርድ፥ በመውረዱም ለሞተሩ ድካሙን እንደሚያቀልለት።

ልጁ ቆመ። የሚወጡት ሰዎች ያን የሚወርደውን ያዩታልን? አለኝ።

አያዩትም፥ በግድግዳው ውስጥ ነው አልሁት።

ሌላ አልጠየቀኝም፤ ሰላምታ ሰጥቶኝ፥ ደበሎውን አስተካክሎ፥ ጊዜው ሳያልፍበት ለነገ በዓል ሊቈጥር ወደ ወንዙ ሄደ።